የእንጨት አጥራችንን በትንሽ ወጪ እንዴት እናቆየው?

በባሕር ዳርና በጣና ዳር የምንኖር ሰዎች አጥር ስናጥር ብዙ ጊዜ የምንጠቀመው በባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቀጥ ይላል፤ በቅርብም ይገኛል። አቅም ያለው ጣውላ ያስመታል፤ አቅም ያነሰው አጠና ደርድሮ በማገር ያያይዛል። አጥሩ አዲስ ሳለ ያምራል። ገመናችንን ይሸፍናል፤ ከብት አያስገባም። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍበት ይጠቁራል፤ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይገባበታል። አንድ ቀን ነፋስ ሲመታው ጋደም ይላል። ከዚያ በኋላ እንደገና እንጨት መግዛት፣ እንደገና አናጢ መጥራት ይመጣል። ለልጆች ደብተርና ጫማ የታሰበው ገንዘብ ለአጥር ይውላል።

ይህን ወጪ ጨርሶ ማስቀረት አንችልም፤ ማራቅ ግን እንችላለን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? በመጀመሪያ ግን እንጨትን የሚያጠፋው ምን እንደሆነ እንወቅ።

፩. የእንጨት ሦስት ጠላቶች

የመጀመሪያው እርጥበት ነው። በአካባቢያችን የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ውሃው ብቻውን እንጨት አይበላም። እንጨቱን የሚበላው እርጥበት ሲያገኝ የሚራባው ፈንገስ ነው። ፈንገስ ለማደግ እርጥበት፣ አየርና ሙቀት ይፈልጋል። ሦስቱም ተሟልተው የሚገኙት እንጨቱ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ጠልቆ በተቀበረው በኩል አየር ያንሳል፤ ከላይ ደግሞ ነፋስ ያደርቀዋል። ስለዚህ የአጥር ቋሚ ሲሰበር ብናየው ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ልክ በአፈሩ ላይ ነው።

የጣና ታንኳ ሠሪዎች ይህን ነገር ከጥንት ያውቁታል። የደንገል ታንኳ ከሥራ ሲመለስ ከውሃ ይወጣና ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኘው ይደረጋል። ውሃ ውስጥ ተኝቶ ቢቆይ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ቶሎም ይበሰብሳል። እንጨትም እንደዚሁ ነው። ረጥቦ ቶሎ ከደረቀ ብዙ አይጎዳም፤ እንደረጠበ ከቆየ ግን ይጠፋል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው። የፀሐይ ጨረር የእንጨቱን ላይኛ ገጽ ይሰባብረዋል። መጀመሪያ ግራጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል።

ሦስተኛው ምስጥ ነው። ምስጥ የሚመጣው ከመሬት ውስጥ ነው። ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይስማማው ከጭቃ መተላለፊያ እየሠራ፣ ተሸፍኖ ይወጣል። አጥራችን ላይ የጭቃ መስመር ካየን ምስጡ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

፪. ገንዘብ ካጠረን ከታች እንጀምር

ብዙ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቀለሙ ነው። ከላይ ያማረ አጥር ሥሩ ከበሰበሰ ግን ቀለሙም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ከታች እንጀምር።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ገዝተን በማግስቱ አንትከል። ቅርፊቱን ልጠን፣ ጥላ ውስጥ፣ በድንጋይ ላይ ከመሬት ከፍ አድርገን፣ በመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ ክፍተት ትተን እንደርድረው። ጥቂት ወራት ቢደርቅ መሰንጠቁና መጣመሙ ይቀንሳል።

ጣውላውና አጠናው መሬት መንካት የለበትም። በአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል። ከአጥሩ ሥር አንድ መስመር ድንጋይ እንገንባ፤ ጣውላው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ያን ጊዜ የዝናቡ ፍንጣቂ አይደርስበትም። ምስጡም ለመውጣት ቢፈልግ በድንጋዩ ላይ የጭቃ መንገድ መሥራት ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ ለዓይን ስለሚታይ በእንጨት ጫፍ እናፈርሰዋለን።

ቋሚው የግድ የሚቀበር ከሆነ ውሃ እንዳይቋጥር ከጉድጓዱ ግርጌ ጠጠር እናድርግ። ከተቻለ ለቋሚ ጥድ ወይም ወይራ ይሻላል፤ ሁለቱም ከባሕር ዛፍ ይበልጥ መበስበስን ይቋቋማሉ። የቋሚውን ጫፍ ላይና ታች በእሳት ለብለብ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ጥቂት ይረዳ ይሆናል እንጂ ብቻውን አይበቃም፤ ከሰሉ ሲሰነጠቅ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይገባልና።

የቋሚውን ራስ ጠፍጣፋ አድርገን አንተወው። ዝናቡ እንዲንሸራተት አጋድመን እንቁረጠው። የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ ከጎኑ ይልቅ ውሃ በብዙ ይጠጣል። ዘይት ወይም ቀለም ሲያንሰን ቅድሚያ ለተቆረጡት ጫፎች እንስጥ።

፫. በምን እንቀባው?

በአኳራጅ የቀጠነ የተልባ ዘይት አንዱ መንገድ ነው። ተልባ አገራችን የምታበቅለው ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ እየጠጠረ ይደርቃል፤ የምግብ ዘይቶች ሁሉ ግን እንዲህ አይደርቁም። ለመጀመሪያው ቅብ አንድ እጅ ዘይትና አንድ እጅ አኳራጅ ቀላቅለን በብሩሽ እንቀባ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተን ያልጠጣውን ትርፍ በጨርቅ እንጥረግ፤ ካልጠረግነው ያጣብቃል። በደንብ ሲደርቅ፣ ይኸውም ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ሁለተኛውን ስስ አድርገን እንድገም። ይህ ቅብ ቀለም ስለሌለው ፀሐይን ብዙ አይከላከልም፤ እርጥበት በበዛበት ቦታም ሊሻግት ይችላል። ጥቂት ቀይ የቀለም ዱቄት ቢቀላቀልበት ይበረታል።

ሁለተኛው መንገድ የዱቄት ቀለም ነው። በስዊድን አገር ገበሬዎች የእንጨት ቤታቸውንና አጥራቸውን ለብዙ ዘመን በዚህ ሲቀቡ ኖረዋል። ቀዩ ቀለም የሚመጣው ፋሉን ከሚባለው የመዳብ ማዕድን ቦታ ነው። አሠራሩ አጥሚት ማብሰል ለሚችል ሰው አይከብድም። 8 ሊትር ውሃ እናፈላለን። ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን እንጨምርና ሩብ ሰዓት ያህል እያማሰልን እናበስላለን። ከዚያ ለሲሚንቶ ወለል የሚሸጠውን ቀይ የቀለም ዱቄት 2 ኪሎ ተኩል ጨምረን እናማስላለን። በመጨረሻ 1 ሊትር የተልባ ዘይት ቀስ እያልን እናዋህዳለን። ሲቀዘቅዝ እንቀባለን። ይህ ቀለም የሚይዘው ባልተላገና ዘይት ባልነካው ሻካራ እንጨት ላይ ነው። እንጨቱን አፍኖ ስለማይይዘው ውስጥ የገባው እርጥበት ይወጣል። ሲያረጅም ተልጦ አይወድቅም፤ እንደ ዱቄት እየረገፈ ይሳሳል፤ በላዩ እንደገና መቀባት ይቻላል። ስለዚህ ከሁለቱ መንገዶች አንዱን እንምረጥ።

ሥራው የሚሠራው በበጋ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ እንጨቱ በደንብ እስኪደርቅ እንጠብቅ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ደህና ወራት ናቸው። አቧራውንና ሽበቱን በሽቦ ብሩሽ እናጽዳ። እንጨቱ መድረቁን ለማወቅ ጠብታ ውሃ ጣል እናድርግበት። ወዲያው ከጠጣው ለመቀባት ዝግጁ ነው። ቀድሞ በዘይት የተቀባ አጥር ላይ ጠብታው ሳይሰርግ ከተንከባለለ ደግሞ ዘይቱ ገና ሥራውን እየሠራ ነውና ገንዘባችንን እንቆጥብ።

፬. ስለ ጨርቁ አደራ

የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ሲደርቅ ይሞቃል። ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ሣር ክዳን ቤት አጠገብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ጨርቁን ውጭ አንድ በአንድ ዘርግተን እናድርቀው፤ ወይም ውሃ ውስጥ እንዘፍዝፈው። አኳራጅም እሳት ይወዳል፤ ከምድጃና ከልጆች እናርቀው።

፭. የተቃጠለ ዘይት እንቀባ ወይ?

ከጋራዥ የሚገኘው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ ነው፤ አንዳንዴም በነፃ ይገኛል። ስለዚህ ብዙ ሰው ምስጥ ይከላከላል ብሎ አጥሩን ይቀባዋል። ምስጡን ለጊዜው ሊያርቅ ይችላል። ነገር ግን ሞተሩ ውስጥ ሲሠራ የቆየ ዘይት የብረት ብናኝና ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ነገሮች ይይዛል። ቆዳ ይነካል፤ የልጆች እጅና ልብስ ላይ ይቀራል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ዝናቡ ያጥበዋል። ከአጥሩ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ይሄዳል።

ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ቀረሶውና አምባዛው የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎችም አሉበት። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ አስገብቶታል። የአንድ ሰው አጥር ጥቂት ዘይት ነው እንል ይሆናል። ነገር ግን አጥሩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲቀባ ጥቂቱ ብዙ ይሆናል። አጥራችንን ለማዳን ብለን የምንበላውን ዓሣና የምንቀዳውን ውሃ ብናበላሽ ምን አተረፍን? ለምስጥ ተብሎ ፀረ ተባይ መርዝ መሬት ውስጥ ማፍሰስም፣ በተለይ በጉድጓድ ውሃና በጓሮ አትክልት አጠገብ፣ ያው ጉዳት አለው።

እንግዲህ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ለአጥራችን እንስጥ። ሥሩ ላይ የበቀለውን ሣር እንጨድ፤ የተከማቸውን አፈር እንጥረግ፤ የጭቃውን መስመር እናፍርስ፤ የላላውን ሚስማር እናጥብቅ። ይህ ከጉልበት በቀር ምንም አያስወጣም።

ጥያቄዎች

1. የአጥር ቋሚ ብዙ ጊዜ በአፈሩ ላይ የሚሰበረው ለምንድን ነው?
2. የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ለምን አይከመርም?
3. በሰፈራችሁ የተቃጠለ ዘይት አጥር ላይ ይቀባል? ዝናቡ አጥቦ ወዴት ይወስደዋል? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት።