የሽጉጥ ካዝና፤ የሚታመነውና የማይታመነው

ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿ ስትጠራ በኖረችባቸው ዓመታት «ካዝና» ሲባል ለሰው ቶሎ የሚመጣለት ማታ ማታ ሐብሉና ቀለበቱ ተሰብስቦ የሚቆለፍበት ከባድ የብረት ሣጥን ነበር፡፡ ሽጉጥም ግን ካዝና አለው፡፡ በእጀታው ውስጥ ሽቅብ የሚገባ፣ ጥይት አንዱ ባንዱ ላይ የሚደረደርበት፣ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ቀጭን ሣጥን ነው፡፡ ቃሉ ሥሩ ዐረብኛ ሲሆን ከማከማቸት ጋር የተያያዘ ነው፡፡ «መጋዘን» የምንለውም የዚሁ ዘመድ ነው፡፡ እንግሊዝኛው «ማጋዚን» እንኳ ከዚያው ተወስዶ ነው ለጥይት መያዣውም ለመጽሔቱም መጠሪያ የሆነው፤ በ1731 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ «ጀንትልማንስ ማጋዚን» ሲጀመር የጽሑፍ ማከማቻ ለማለት ነበር፡፡ ስለዚህ «ጥሩ ማጋዚን መምረጥ» ሲባል የኛ ዲፓርትመንት ልጅ መጽሔት ቢመስለው አይፈረድበትም፡፡ ዛሬ የምናየው ግን ብረቱን ነው፡፡

ለምን ቢባል፣ ነገ ተመርቀን የፖሊስ ዜና መጻፋችን አይቀርም፡፡ «አንድ ሽጉጥ ከነካዝናው ተያዘ»፣ «ባዶ መስሎት ሲነካካ ባረቀበት» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች በእጃችን ያልፋሉ፡፡ ካዝና ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ሳያውቁ እነዚህን መጻፍ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ የሚደረገውም እንደዚያ ነው፡፡

አራዳ ለመሣሪያ እንግዳ ሰፈር አይደለችም፡፡ የከተማዋ የጥንት ፖሊሶች መጠሪያቸው «የአራዳ ዘበኛ» ነበር፡፡ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጥይት ራሱ በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር፡፡ የዚያ ጊዜው ፉዚግራና ስናድር ካዝና የሚባል ነገር የለውም፤ አንድ ጥይት ይገባል፣ ይተኮሳል፣ ቀለሃው ይወጣል፣ ሌላ ይገባል፡፡ ለዚህ ሥራ አማርኛ ያለው ቃል «ማጉረስ» ነው፣ ልክ እንደ እንጀራው፡፡ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን በሽጉጥ ሲሰዉ፣ አንዱን ተኩሶ ቀጣዩን በራሱ የሚያጎርስ ሽጉጥ በዓለም ላይ ገና አልነበረም፡፡ የመጣው ከ25 ዓመት ግድም በኋላ ነው፡፡ «ማጉረስ» የሚለውን ቃል ግን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን፡፡

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ቤሬታም አብሮት ገባ፡፡ ሰፈሩ «ፒያሳ» መባሉም፣ ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ መርካቶ መወሰዱም የዚያው ዘመን ሥራ ነው፡፡ ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወዳጅነቱ ሲጠብቅ ደግሞ ተራው የማካሮቭና የቲቲ ሆነ፡፡ ሠራዊት ይመጣል ይሄዳል፤ ሽጉጥ ግን ከያዘው ሰው በላይ ዕድሜ አለው፡፡ ካዝናው ነው ቀድሞ የሚያረጅበት፡፡

አሠራሩን እንመልከት፡፡ ካዝና አራት ነገር አለው፤ ሣጥኑ፣ የታች ክዳኑ፣ ስፕሪንጉና (ጋራዥ ውስጥ «ሞላ» የምንለው፣ እሱም የጣሊያንኛ ቃል ነው) በሞላው ላይ ተቀምጦ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ትንሽ ሳህን፡፡ በሣጥኑ አናት ሁለቱ ጠርዞች ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፤ ቅርጻቸውን አይተን ከንፈር እንበላቸው፡፡ ሞላው ይገፋል፣ ከንፈሮቹ ይይዛሉ፡፡ ጥይት ሲተኮስ የሽጉጡ የላይኛው ብረት በግፊቱ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ቀለሃውን ወደ ውጪ ይወረውራል፡፡ ተመልሶ ወደ ፊት ሲመጣ ከከንፈሮቹ መካከል ያለውን ጥይት ገፍቶ በርሜሉ ውስጥ ያጎርሳል፡፡ ይህ ሁሉ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አይቆይም፡፡ ሞላው ደክሞ በዚያች ቅጽበት ቀጣዩን ጥይት ካላደረሰ ብረቱ በባዶው ይዘጋል፤ ምላጩ ሲሳብ ቀጭ ብሎ ዝም ነው፡፡ ከንፈሮቹ ከተከፈቱ ጥይቱ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይሰነቀራል፡፡ ሣጥኑ ወድቆ ከተጨፈለቀ ደግሞ ሳህኑ መንገድ ላይ ይቀራል፡፡

ሽጉጥ ሲከሽፍ ሰው የሚራገመው ሽጉጡን ነው፡፡ ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ካዝናው ነው፡፡ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ኢራቅ የዘመተው የአሜሪካ ጦር ያጋጠመው ነገር ነው፡፡ ወታደሮቹ የያዙት ኤም 9 የተባለው ቤሬታ የታወቀ ሽጉጥ ነበር፤ በበረሃው ግን ማጉረስ እያቃተው አስቸገራቸው፡፡ ሲጣራ ችግሩ ከቤሬታ ፋብሪካ ሳይሆን በኮንትራት ከሌላ አምራች የተገዛው ካዝና ሆኖ ተገኘ፡፡ የተቀባው ሸካራ ቅብ ደቃቁን አሸዋ ይይዛል፤ ሳህኑም ሽቅብ መውጣት ያቅተዋል፡፡ በኋላ ለስላሳ ቅብ ያለው ካዝና እንዲሠራ ተደረገ፡፡ እስከዚያ ድረስ ግን ያንን ሽጉጥ ታጥቆ መንገድ ላይ የቆመ ወታደር ነበረ፡፡

ታዲያ የሚታመነው የቱ ነው? መጀመሪያ ለዚያው ሽጉጥ በዚያው ፋብሪካ የተሠራው ነው፡፡ «የ9 ሚሊ ካዝና ነው» ያለ ሰው ምንም አልነገረንም፡፡ የ1934ቱ ቤሬታ ጥይት 9 በ17 ነው፣ የማካሮቭ 9 በ18፣ የብዙዎቹ ዘመናዊ ሽጉጦች 9 በ19፡፡ ሁለተኛው ቁጥር የቀለሃው ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው፡፡ የማካሮቭ ጥይት እንዲያውም ውፍረቱም ከሌሎቹ ትንሽ ይበልጣል፡፡ የአንዱን ካዝና ሞርዶ ሌላው ውስጥ ማስገባት የሚሞክር አይጠፋም፤ ገብቶ ሊቆለፍም ይችላል፡፡ መግባት ሌላ፣ ማጉረስ ሌላ፡፡ ቢያንስ ቤሬታውንና ማካሮቩን በዓይን መለየት ቀላል ነው፡፡ የቤሬታው 7 ጥይት ይይዛል፣ ከታች ለትንሿ ጣት ማረፊያ የሚሆን ወጣ ያለ ብረት አለው፡፡ የማካሮቩ 8 ይይዛል፣ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ጥይቶቹ ይታያሉ፡፡

በመሣሪያ ግምጃ ቤት ለዓመታት ሠርተው ጡረታ የወጡ አንድ የአራዳ ሰው ካዝና እንዴት ይመርጡ እንደነበር አጫውተውኛል፡፡ ካዝናውን ባዶውን ከአዲስ ጋር ጎን ለጎን ይዘው የከንፈሮቹን ስፋት ያስተያያሉ፤ አንዱ ከሌላው ከተከፈተ ወይም ስንጥቅ ካለው ያ ካዝና አበቃለት፡፡ ቀጥሎ ሳህኑን በጣት ወደ ታች ይጫናሉ፡፡ ሳይንገጫገጭና ወደ አንድ ወገን ሳያጋድል ወርዶ፣ ሲለቁት ፈጥኖ መመለስ አለበት፡፡ ከዚያ ባዶው ካዝና ሽጉጡ ውስጥ ሲገባ ቀጭ ብሎ መቆለፉን፣ ሲስቡት አለመምጣቱን ያያሉ፡፡ እያንዳንዱ ካዝና በቀለም ቁጥር ይጻፍበታል፡፡ ይቺን ነገር በጣም ወደድኳት፤ ቁጥር ከሌለው ተኩስ ሜዳ ላይ የከሸፈው የትኛው እንደነበር ማን ያስታውሳል? ሁለቴ ያስቸገረውን መጣያ ውስጥ አይጥሉትም፤ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበት በመዶሻ ይጨፈልቁታል እንጂ፡፡ የመጨረሻው ፈተና ግን በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ፣ በሚያዘው ጥይት መተኮስ ነው፡፡ የዓይን ምርመራ የታመመውን ይለያል እንጂ ጤነኛውን አያረጋግጥም፡፡

የአዲስ አበባ ክረምት ለዚህ ዕቃ ጠላት ነው፡፡ የቆዳ ማኅደር እርጥበት ይዞ ይቆያል፣ ካዝናውም ይዝጋል፡፡ ይህን ፈርቶ ዘይት የሚያፈስበትም ተሳስቷል፤ ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል፡፡ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ በጣም ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል፡፡ «ጥይት ሞልቶ ከከረመ ሞላው ይሞታል» የሚባለው ደግሞ የተጋነነ ነው፡፡ ደህና ብረት በመጨመቁ ብቻ አይደክምም፤ ይበልጥ የሚያደክመው እየተጨመቀ መለቀቁ ነው፡፡

ይህን ሁሉ ማለቴ ሽጉጥ ግዙ ለማለት አይደለም፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፡፡ ምርጫው የሚመለከተው ፖሊሱን፣ ጠባቂውንና ፈቃድ ያለውን ነው፡፡ እኛን የሚመለከተው የሚቀጥለው ነው፡፡

ካዝናው ሲወጣ ሽጉጡ ባዶ ይመስላል፡፡ አይደለም! ሽጉጡ አንዴ ከተቀባበለ አንድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ጎርሷል፤ ካዝናውን ማውጣት ያን ጥይት አያወጣውም፡፡ እነዚያ ያነሣናቸው የ1934ቱ ቤሬታ፣ ማካሮቭና የሶቪየቱ ቲቲ ካዝናቸው በእጅ ተይዞም ምላጩ ከተሳበ ይተኩሳሉ፡፡ እንደ ብራውኒንግ ሃይፓወር ያለ፣ ካዝናው ከሌለ ምላጩ እንዳይሠራ ተደርጎ የተሠራ ሽጉጥ አለ፤ ግን እሱን የለመደ ሰው ማካሮቭ ሲይዝ ነው አደጋው፡፡ ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፡፡ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አድርጎ በመጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፣ ከዚያ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይወድቃል፣ ከዚያ በርሜሉ ውስጥ በዓይን ይታያል፡፡ ሰውዬው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ በመጀመሪያ ቢያቀባብልና በኋላ ካዝናውን ቢያወጣ፣ አንድ ጥይት ሲጥል በምትኩ ሌላ አጉርሷል፡፡ በእጁ የያዘው ካዝና እንግዲህ የውሸት ምስክር ነው፡፡ ካዝናው የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን በዚህ በኩል አይረዳም፤ እንዲያውም የሚታመነው ካዝና ነው ሁልጊዜ ሳይስት የሚያጎርሰው፡፡

ስለዚህ «ባዶ መስሎት ባረቀበት» የሚል መግለጫ ሲደርሰን ሪፖርተሩ ስልክ አንሥቶ ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት፤ ካዝናው ወጥቶ ነበር ወይ? ሽጉጡስ ከመቼ ጀምሮ ነው የጎረሰው? «ሽጉጡ በስሕተት ፈነዳ» የሚለው አጻጻፍ ለሁለቱም መልስ የለውም፡፡ «ካዝናው ወጥቶ የነበረ ሲሆን በርሜሉ ውስጥ የቀረ አንድ ጥይት ባርቆ ጉዳት አድርሷል» ብንል ግን፣ ዜናውን ቤቱ ተቀምጦ የሚያነበው፣ መሳቢያው ውስጥ የአባቱን ማካሮቭ ያስቀመጠ ሰው ተነሥቶ ያይ ይሆናል፡፡