ስለ ቀድሞ አባቶች ኑሮ፤ የበግ ጠጉር ነጋዴዎች በመዝገብ እንደ ተገኙ

በአገራችን ዘሩን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው የአባቶቹን ስም ያውቃል። ነገር ግን ምን ነግደው፥ ከማን ተበድረው፥ በምንስ ተጣልተው እንደ ኖሩ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህ የሚገኘው ከጽሕፈት ነውና፥ ለምሳሌ የሚሆን የእንግሊዝ ነጋዴዎችን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ15ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ አገር ትልቁ ሀብት የበግ ጠጉር ነበረ። ነጋዴዎቹም ከ1363 ዓ.ም. ጀምሮ በማኅበር ሆነው ጠጉሩን ባሕር አሻግረው በካሌ ከተማ ይሸጡ ነበር። በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት የልደትና የጋብቻ መዝገብ እንዲጻፍ የታዘዘው በ1538 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የነበረውን አያቱን የሚሻ ሰው የቀረጥ መዝገብን፥ የኑዛዜን ወረቀትና የመቃብርን ጽሕፈት መመርመር አለበት። በኖርዝሊች ቤተ ክርስቲያን በነጋዴዎቹ መቃብር ላይ ባለው የናስ ሥዕል ከእግራቸው በታች በግና የጠጉር ከረጢት ተቀርጾ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ ኑሮው ተገልጦ የሚታየው ግን ሲሊ የሚባለው ቤተ ሰብ ነው። አባትዮው ሪቻርድና ልጆቹ በሎንዶንና በካሌ መካከል ይጻጻፉ ነበር። ልጁ ሪቻርድ በ1482 ዓ.ም. ለወንድሙ ለጆርጅ በጻፈው ደብዳቤ፥ ጠጉር ሊገዛ ኖርዝሊች ወርዶ ሳለ በቤተ ክርስቲያን አንዲት ልጃገረድ እንዳየ፥ ወይን ጠጅ እንደ ላከላትና እርስዋም በበኩልዋ የተጠበሰ ወፍ እንደ ላከችለት ይነግረዋል። ነገር ግን ጋብቻው አልሆነም፤ በኋላ ያገባው አን ራውሰን የተባለችውን የነጋዴ ልጅ ነው።

የዚያን ዘመን ንግድ በዱቤ ተገዝቶ በዱቤ የሚሸጥ ስለ ነበረ ሒሳቡ በቶሎ አያልቅም ነበር። ስለዚህ ጆርጅ በ1489 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ በወንድሙና ባል በሞተባት በሚስቱ በማርጀሪ መካከል ስለ ዕዳ ክርክር ተነሣ። ደብዳቤውና የሒሳቡ ወረቀት ሁሉ ለማስረጃ ወደ ፍርድ ቤት ገብቶ በዚያው ቀረ። ቤተ ሰቡን ያለያየው ሙግት ታሪካቸውን አቆየላቸው፤ በ1975 ዓ.ም. 247 ደብዳቤዎች በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ታትመዋል።

በእኛም አገር በጎንደር ዘመን የርስት ሽያጭ ከነምስክሮቹ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ይጻፍ ነበር፤ ዛሬም የዚያን ዘመን ሰዎች ስም ከዚያ ይገኛል። እንግዲህ የቤት አባት የሆነ ሁሉ ያበደረውንና የተበደረውን ጽፎ ለባለቤቱ ያስታውቅ፤ ውሉንና ደብዳቤውንም ከምስጥና ከአይጥ ይጠብቅ። ይህን ቢያደርግ ሚስቱ ከወንድሞቹ ጋር ከመሟገት ትድናለች፤ የልጅ ልጆቹም ከስሙ ጋር ሥራውን ያውቁለታል።