የጭላዳው ደረት

ደባርቅ ተወልጄ ያደግሁ የሥዕል መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ጭላዳ ሳሉ ስላቸው አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከደረቱ ነው። ያ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ ካልገባበት ጭላዳ አይመስላቸውም፤ እውነት አላቸው። እንስቶቹን የያዘው አውራ ደረት ከሌሎቹ ወንዶች ይበልጥ ይቀላል። ቀለሙ ማዕረጉ ነው።

እንስሳው ሲሞት ግን መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ቀለም ነው። ካሜራ ባልነበረበት ዘመን የአውሮፓ የአራዊት ሰዓሊዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከቆዳ ነበር። አዳኝ የገፈፈው ቆዳ ደርቆ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ከወራት በኋላ ይደርሳል፤ ውስጡ ተጠቅጥቆ እንዲቆም ይደረጋል። ፀጉሩ እንዳለ ነው። ፊቱና ደረቱ ግን ጠቁሮ ተጨማዷል፣ ዓይኑም መስታወት ነው። ሰዓሊው ቀዩን ሊያውቅ የሚችለው እንስሳውን በሕይወት ያየ ሰው ከነገረው ብቻ ነው።

የእኛን አገር አራዊት በሕይወት ሳሉ በዓይናቸው አይተው ከሄዱት አንዱ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1831 በምጽዋ ገብቶ፣ በሰሜን ተራሮች አልፎ ጎንደር ደረሰ፤ በ1834 ወደ ፍራንክፈርት ተመለሰ። ከ1835 እስከ 1840 ባሳተመው መጽሐፍ ጭላዳ፣ ዋልያ፣ ጉሬዛና ቀይ ቀበሮ ከነሥዕላቸው ለሳይንሱ ዓለም ቀረቡ።

ሥዕሎቹ የታተሙት በሊቶግራፊ ነው። ሰዓሊው በተስተካከለ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይስላል። ድንጋዩ በውኃ ይርሳል፤ ቀለም ሲቀባ ቅባቱ ይይዘዋል፣ እርጥቡ ቦታ ይመልሰዋል። በጥቁር ከታተመ በኋላ ቅጂው አንድ በአንድ በእጅ፣ በብሩሽ ይቀለማል። ስለዚህ የአንዱ መጽሐፍ ቀይ ከሌላው ሊፈዝ ይችላል። ለጎፈር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም፤ እርሳሱ ፀጉሩን እየለየ ያወጣዋል።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ስማቸው ነው። ሩፔል ለጉሬዛ፣ ለዋልያና ለጭላዳ አዲስ ስም አልፈጠረም፤ ከአገሬው የሰማውን በላቲን ፊደል ጻፈው። ስሙን የነገሩት ሰዎች ግን በሥዕሉ ግርጌ አልተጠቀሱም። ይህ ቅር ይለኛል።

መጽሐፉ ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። መምህራን ሆይ፣ የጭላዳውን ገጽ አትሙና ልጆቹን ይዛችሁ በሰሜን ተራሮች ወዳለው ሳንቃበር ውጡ። ጭላዳ ሣር እየነጨ ረጅም ሰዓት ቁጭ ስለሚል ለሰዓሊ ይመቻል። ቀዩን ቀለም መያዝ አትርሱ።