ብርሃን የማያውቀው ኮራል



ኮራል ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው በዶክመንተሪ ፊልም ወዳየነው ሞቃትና ጥርት ያለ ባሕር ነው፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ኅብረ ቀለማም አሣ። ይህ ግን የታሪኩ ግማሽ እንኳ አይሆንም። እስካሁን ከታወቁት የኮራል ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ከ50 ሜትር ጥልቀት በታች ነው። ብዙዎቹም ፀሐይ ጭርሱን በማይደርስበት ጨለማና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይገኛሉ። በዚህ እትም ስለ እነዚህ ልናወጋችሁ ወደናል።

ኮራል ዕፅ ወይም ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ፣ አፋቸው በትናንሽ ክንዶች የተከበበ ለስላሳ ፍጡሮች ተያይዘው ሲኖሩ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ አጽም ይሠራሉ። የሞቃቱ ባሕር ኮራል በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎች ያስጠጋል፤ አልጌዎቹ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃሉ፣ ኮራሉም አብዛኛውን ቀለቡን ከእነሱ ያገኛል። የጥልቁ ኮራል እንዲህ ያለ ተከራይ የለውም። እሱ የሚኖረው አድኖ ነው። በውኃው ፍሰት የሚመጡ ጥቃቅን እንስሳትን በክንዶቹ ነድፎ ይይዛል፤ ከላይ እንደ በረዶ ብናኝ እየረገፈ የሚወርደውን የሞቱ ፍጡራን ቅሪትም ይለቅማል። ስለዚህ ዋናው ነገር ብርሃን ሳይሆን ፍሰት ነው። የረጋ ውኃ ለእሱ ረሃብ ነው። እነዚህ ኮራሎች በባሕር ሥር ባሉ ኮረብታዎችና ጠርዞች ላይ የሚሰፍሩትም ፍሰቱ እዚያ ስለሚበረታ ነው።

ከሁሉ በላይ የተጠናው ሎፌሊያ ፐርቱሳ የሚባለው ነጭ ኮራል ነው (የሳይንስ ስሙ በቅርቡ ተለውጧል፣ የሚያውቁት ሁሉ ግን እስከ ዛሬ ሎፌሊያ ነው የሚሉት)። ከ4 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ውኃ ይስማማዋል። ቅርንጫፉ በዓመት ቢበዛ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ያድጋል። በዚህ አዘጋገም ምን ይገነባል ብላችሁ እንዳትንቁት። በ2002 በኖርዌይ ጠረፍ፣ ሮስት በተባሉ ደሴቶች አቅራቢያ የተገኘው የሎፌሊያ አምባ ርዝመቱ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የብስ ላይ ቢሆን በእግር ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ነው። የሚገኘውም ከ300 እስከ 400 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚገኘው የሱላ አምባ ደግሞ ከ8,000 ዓመት በላይ ሲገነባ የኖረ ነው። የዚህ መሠረት አስገራሚ ነው፤ በበረዶው ዘመን ማብቂያ ተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮች የባሕሩን ወለል እንደ ማረሻ ሲያርሱት ድንጋይ ወደ ዳር ተገፍቶ ተከመረ፣ የኮራሉ እጭም የሚጣበቅበት ጠንካራ ነገር ሲፈልግ እዚያ ላይ ሰፈረ።

በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ባሉ የሎፌሊያ አምባዎች ላይ ከ1,300 በላይ ዝርያዎች ሲኖሩ ተመዝግበዋል፤ ስፖንጅ፣ ሸርጣን፣ የባሕር ኮከብ፣ በሆዷ እጭ ተሸክማ የምትጠለል አሣ ጭምር። ከሁሉ እኛን የማረከን ግን አንድ ትል ነው። ዩኒስ ኖርቬጂካ ይባላል። በኮራሉ ቅርንጫፎች መካከል እንደ ብራና ያለ ቱቦ ሠርቶ ይኖራል፤ ኮራሉም ቱቦውን በኖራ ይለብጠዋል። ትሉ አልፎ አልፎ ከፖሊፑ አፍ ምግብ ይነጥቃል፤ በተለበጠው ቱቦ አማካይነት ግን ቅርንጫፍና ቅርንጫፍ እየተገጣጠመ አምባው ይጠነክራል። ሌባም ግንበኛም ነው ማለት ነው!

ሰው ይህን ያወቀው መቼ ነው? የኖርዌይ ዓሣ አጥማጆች መንጠቋቸው በኮራል እየተያዘ ይወጣ ስለነበር ድሮም ያውቁታል፤ ሊኔየስም ሎፌሊያን በ1758 መዝግቦታል። ይሁንና በ1840ዎቹ ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለ የብሪታንያ ሳይንቲስት በኤጂያን ባሕር ካደረገው ጥናት ተነሥቶ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት የለም የሚል መላ ምት አቀረበ፤ ብዙዎችም ተቀበሉት። ከአንድ ባሕር ስለ ባሕሮች ሁሉ መደምደም ነበር ችግሩ። በእኛም የመመረቂያ ጽሑፎች ይህ አመል አለ።

ወደ ቤታችን የሚቀርበውን ነገር እናንሳ። በሱረቱ ረሕማን ከሉል ጋር የተጠቀሰውን «መርጃን» ከሙፈሲሮች አንዳንዶቹ ትናንሽ ሉል፣ ሌሎቹ ቀዩ የባሕር ጌጥ ነው ብለውታል። ያ ቀይ ጌጥ በሜዲትራኒያን ጥላማና ጨለም ባሉ ዐለቶች ሥር የሚበቅል፣ እንደ ሎፌሊያ አልጌ የሌለው ኮራል ነው። በሒጃዝ የታወቀው «ዩስር» የተባለው ጥቁር ተስቢሕ የሚሠራውም ከቀይ ባሕር ጥቁር ኮራል ነው። ጥቁር ኮራሎች ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ እንዲሆን በስምምነት ተወስኗል፤ ዕድሜያቸውም ረጅም ነው። ከሃዋይ ጥልቅ ውኃ የተወሰደ አንድ የጥቁር ኮራል ናሙና በ2009 ይፋ በሆነ ጥናት 4,265 ዓመት ሆኖታል ተብሏል። ሱብሓነላህ! ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሲላኩ እንኳ ከ2,500 ዓመት በላይ የኖረ ነበር።

እንዲህ ያለው ፍጡር በደቂቃዎች ይጠፋል። በባሕር ወለል ላይ በከባድ ብረትና ጎማ የሚጎተተው ትሮል የተባለው መረብ ያገኘውን ሁሉ ይሰባብራል። በኖርዌይ መጀመሪያ አቤት ያሉት በመንጠቆ የሚያጠምዱ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ተመራማሪዎች ሄደው ሲያዩ ከአገሪቱ የኮራል አምባዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ተጎድተዋል የሚል ግምት ላይ ደረሱ። ሱላ በ1999፣ ሮስት በ2003 ከትሮል ተከለሉ። ከስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ በ1998 የተገኙት የዳርዊን ኮረብታዎችም በ2004 ለዘለቄታው ተዘጉ።

መረብን በሕግ መከልከል ይቻላል፤ አሲድን ግን አይቻልም። የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ባሕር ይመጠዋል፣ ውኃውም እያደር አሲዳማ ይሆናል። ሕያው ፖሊፕ አጽሙን በሥጋው ሸፍኖ ሊቋቋም ይችላል። የአምባው አብዛኛው ክፍል ግን የሞተ አጽም ነው፣ የሚሸፍነውም ነገር የለም። ስለዚህ ላዩ በሕይወት እያለ ሥሩ እንደ ምስጥ የበላው ምሰሶ ይቦረቦራል። በ2006 የወጣ አንድ ጥናት እንደሚለው የልቀቱ መጠን ካልተገታ እስከ ምዕተ ዓመቱ ማብቂያ 70 በመቶ የሚሆኑት የጥልቅ ባሕር ኮራሎች የሚገኙበት ውኃ አጽማቸውን የሚያሟሟ ይሆናል።

ቀይ ባሕር በዚህ ጉዳይ የራሱ እንቆቅልሽ አለው። ጥልቁ እንኳ ከ20 ዲግሪ በላይ ሞቃት ነው፤ ምግቡም ኦክስጅኑም ጥቂት ነው። ስለዚህ «የጥልቅ ባሕር ኮራል» ማለት «የቀዝቃዛ ውኃ ኮራል» ማለት ነው በሚለው ስሌት እዚያ መኖር አልነበረበትም። በሳዑዲ የሚገኘው የንጉሥ ዐብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን ሲኖር አገኙት። በ2013 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት እነዚህ ኮራሎች ትንፋሻቸውን ቀንሰው፣ የሚሸፍናቸውን ሥጋ አሳንሰው፣ አጽማቸውንም በጣም በዝግታ እየገነቡ በዚያች ጥቂት ቀለብ ይኖራሉ።