ሰፊው ሞገድ፦ ኤኤም ሬዲዮና የስፖርት ድምፅ

ቦሌ መንገድ ላይ ከሚያልፉት አዳዲስ መኪኖች ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሆነዋል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ለውጡ ከአየር ማረፊያው እስከ መገናኛ ድረስ በግልጽ ይታያል። ከዚሁ ጋር ሳይታወቅ የሚሄድ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ኤኤም ሬዲዮ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተርና መቆጣጠሪያው የሚረጩት ሞገድ የኤኤምን ድምፅ ይረብሻል። በዚህ የተነሣ በአሜሪካ ገበያ ፎልክስቫገን፣ ቴስላና ቢኤምደብሊውን ጨምሮ ስምንት አምራቾች ኤኤምን ከኤሌክትሪክ መኪኖቻቸው ማውጣታቸው በ2015 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። ፎርድ ግን ተቃውሞ ሲበዛበት ሐሳቡን ቀይሯል።

ኤኤም ድምፅን የሚያጓጉዘው የሞገዱን ከፍታ በመጨመርና በመቀነስ ነው። መብረቅም፣ የተበላሸ አምፖልም፣ የስልክ ቻርጀርም ይህንኑ ከፍታ ስለሚነካኩ ነው ጆሯችን ላይ የሚንጫጫው። ኤፍኤም ድምፁን በድግግሞሹ ላይ ስለሚጭን ከዚህ ጣጣ ይድናል፤ ነገር ግን እንደ ብርሃን በቀጥታ ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል። የኤኤም ቤት የሆነው መካከለኛ ሞገድ ሌላ ጠባይ አለው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በሚታወቅበት በ873 ኪሎ ኸርዝ አንዱ ሞገድ ብቻ ወደ 344 ሜትር ይረዝማል። ለዚህ ልክ የሚሆን ማማ የሞገዱን ሩብ፣ ሰማንያ ስድስት ሜትር ገደማ፣ መቆም አለበት። እንዲህ ያለ ረጅም ሞገድ መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል፣ ኮረብታውንም ዞሮ ያልፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ቀን ቀን ሞገዱን ውጦ የሚያስቀረው የከባቢ አየር ንጣፍ ስለሚሳሳ ወደ ላይ ወጥቶ እየነጠረ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይሰማል። ከአንድ ማማ ይህን ያህል አገር የሚያዳርስ ኤፍኤም የለም።

የስፖርታችን ታሪክ በዚህ ሞገድና በወንድሙ በአጭር ሞገድ ላይ የተጻፈ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ ስታዲየም መግባት የቻለው ጥቂት ሰው ነበር። ለቀረው አገር ጨዋታ ማለት የሚሰማ ነገር ነበር። ፍቅሩ ኪዳኔ፣ ሰሎሞን ተሰማ፣ ኋላም ደምሴ ዳምጤ ስማቸው ከኳስና ከሩጫ ጋር አብሮ የሚነሣው ሕዝቡ በጆሮው ስላያቸው ነው። ኳሷ የት እንዳለች፣ ማን ለማን እንዳቀበለ፣ ሯጩ ስንተኛው ዙር ላይ እንደደረሰ የሚነግር አንደበት ከሌለ ሬዲዮ ላይ ጨዋታ የለም። ይህ ሙያ ከቴሌቪዥን ትረካ ይለያል፣ ይከብዳልም። ተመልካች የሚያየውን መልሶ መናገር ቀላል ነው፤ ያላየ ሰው እንዲያይ ማድረግ ግን ሌላ ችሎታ ይጠይቃል።

ኃይሌ ገብረሥላሴን ያህል ለዚህ ምስክር የሚሆን አላውቅም። ምሩጽ ይፍጠር በሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ10,000 እና በ5,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ ኃይሌ አሰላ አካባቢ የሚኖር የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ድሉን በሬዲዮ መስማቱንና ሯጭ የመሆን ፍላጎቱ ከዚያ መነሣቱን በተደጋጋሚ ተናግሯል። ኤፍኤም አዲስ 97.1 ሥርጭት የጀመረው ከዚያ ሃያ ዓመት በኋላ በ1992 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ቦሌ መንገድ ላይ የቆመው ዓለም ሕንፃ ባለቤት ኃይሌ ወደ ሩጫ የገባው ገጠር ድረስ በደረሰ ሞገድ ነው።

ስፖርት ብቻ የሚያወራ ኤኤም ጣቢያ አገራችን አልነበራትም፤ ስፖርት የኖረው በአጠቃላይ ጣቢያዎች ውስጥ እንደ ዝግጅት ነው። ጣቢያዎቹን ሙሉ ለሙሉ ለስፖርት የሰጡት አሜሪካኖች ናቸው። ኒው ዮርክ ውስጥ ደብልዩ ኤፍ ኤ ኤን የተባለው ጣቢያ ሰኔ 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲጀምር ቀንና ሌሊት ስለ ስፖርት የሚያወራ ሬዲዮ አዲስ ነገር ነበር። ካናዳም ተከተለች። እዚያ የሆነው መጨረሻ ግን ያሳዝናል። ቤል የተባለው ኩባንያ የካቲት 2 ቀን 2013 ዓ.ም. በቫንኩቨር፣ በዊኒፔግና በሃሚልተን ሦስት የስፖርት ኤኤም ጣቢያዎቹን በአንድ ቀን ዘጋ። 1040 የተባለው የቫንኩቨር ጣቢያ ስፖርቱን በኮሜዲ ተካ። ያም አልያዘም፤ ሰኔ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ኩባንያው የኤድመንተኑን የስፖርት ጣቢያ ጨምሮ ስድስት ኤኤም ጣቢያዎችን አጠፋ፣ 1040ም አብሮ ጠፋ። ከቫንኩቨሩ ጣቢያ አዘጋጆች አንዳንዶቹ የራሳቸውን ዝግጅት በኢንተርኔት ከፍተው አድማጫቸውን ይዘው ሄዱ። ሙያው ተርፏል፤ የጠፋው ማንም ሰው በርካሽ ሬዲዮ ያለ ክፍያ የሚያገኘው ሞገድ ነው።

በእኛም ከተማ ጣቢያ ዝም ቢል የመጀመሪያው አይሆንም። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. የተከፈተው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጌጃ ላይ ባለ 100 ኪሎ ዋት ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። ጣቢያው እንደ ተቋም ቢያከትምም መሣሪያው አልተጣለም፣ ለአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አገለገለ። በመንግሥት ፍላጎት የተወረሰ ማሠራጫ ሥራውን ይቀጥላል፤ በገቢ ማነስ የተዘጋ ግን ማማው ይፈርሳል፣ መሬቱም ይሸጣል። ለእኔ የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው።

አሁን የስፖርት አድማጩ በአመዛኙ ኤፍኤም ላይ ነው። ገርጂም ሆነ ሲኤምሲ ታክሲ ውስጥ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በአማርኛ ሲተነተን መስማት የዕለት ኑሮ ሆኗል። በየሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት አለ፣ ወጣቱ ደግሞ ውጤቱን ከስልኩ ያገኛል። ለአዲስ አበባ ሰው ኤኤም ቢዘጋ የሚጎድልበት ነገር አይታየውም። ኔትወርክ በማይደርስበት፣ መብራት በሌለበት፣ ሬዲዮው በባትሪ ድንጋይ በሚሠራበት ቀበሌ ላለው ልጅ ግን ምትክ የለውም። ጥራቱ ይሻሻል ከተባለ በዚያው መካከለኛ ሞገድ ላይ ዲጂታል ድምፅ የሚልክ ዲአርኤም የሚባል ቴክኖሎጂ አለ፤ ህንድ በሰፊው ተክላዋለች። ችግሩ መቀበያው ውድ መሆኑ ነው።

ቦሌ ላይ በመገንባት ላይ ያለው አደይ አበባ ስታዲየም 62,000 ሰው እንዲይዝ የታቀደ ነው። ከዚህ አገር ሕዝብ አንጻር ይህ ቁጥር እፍኝ አይሞላም። ስለዚህ ስታዲየሙን የሚሠሩትም፣ ብሔራዊውን ሬዲዮ የሚመሩትም ሁለት ነገር እንዲያስቡ እጠይቃለሁ። ለሬዲዮ ተራኪው ሜዳውን አጥርቶ የሚያይበት ክፍል ይሰጠው፤ ብሔራዊ ቡድናችን በተጫወተ ቁጥርም ትረካው በኤፍኤም ብቻ ሳይሆን በመካከለኛው ሞገድ ጭምር ይተላለፍ።