ከቦሌ ዋሽንግተን፦ በአውሮፕላን ላይ መቼ እናፍጥር?

ረመዷን ሲቃረብ ልጆቻቸው አሜሪካ የሚኖሩ እናትና አባቶች ትኬት ቆርጠው ይመጡና ይጠይቁኛል፤ “ሼኽ፣ ሰማይ ላይ ሆኜ በየትኛው አገር ሰዓት ላፍጥር?”

በየትኛውም አይደለም። ሰዓት የሰው ስምምነት ነው፤ ፆማችን የታሰረው በፈጅርና በፀሐይ መጥለቅ ነው። ከታች ያለው ከተማ ቢያፈጥርም በመስኮትዎ ፀሐይ እየታየች ከሆነ አላፈጠሩም። ይህ ለአውሮፕላን ብቻ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የዱባይ ዑለማዎች በቡርጅ ኸሊፋ ከ80ኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩ 2 ደቂቃ፣ ከ150ኛ በላይ ያሉት ደግሞ 3 ደቂቃ ቆይተው እንዲያፈጥሩ ተናግረዋል።

ርቀቱን እንየው። ከአዲስ አበባ ጅዳ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 2 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ጉዞ ነው። በረራው ወደ ሰሜን ስለሆነና ሁለቱ ከተሞች አንድ ሰዓት ስለሚቆጥሩ ኢፍጣሩ ብዙም አይናወጥም። ዋሽንግተን ግን ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በስተምዕራብም ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ አየሩም ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አንዴ ያርፋል፤ ሲመለስ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ይበራል።

ወደ ምዕራብ በቀን የሚበር ሰው ፀሐይን ይከተላታል፤ ቀኑ ይረዝምበታል። ማታ የተነሳ ግን የሚረዝምለት ሌሊቱ ነው፤ ሱሁሩንም ዘግይቶ ይበላል። ከዋሽንግተን ረፋድ ላይ ተነስቶ ወደ አገሩ የሚመለስ ደግሞ ፀሐይን ተቃራኒ ሄዶ ይገናኛታል፤ የዋሽንግተን ሰው ገና ዐስር ላይ እያለ እሱ አትላንቲክ ላይ ያፈጥራል። ፆሙ አጠረ ብሎ አይጨነቅ፤ ሙሉ ነው። ምድር ላይ ፀሐይ ጠልቃ ካፈጠረ በኋላ ተነስቶ ፀሐይን ዳግም ያየም ቢሆን፣ በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች ፆሙ ተሟልቷል ብለዋል።

ለመንገደኛ ማፍጠር መፈቀዱ በሱረቱል በቀራ የተነገረ ነው፤ ሌላ ቀን ቀዷ ያወጣል። ብዙዎቹ ዑለማዎች የጉዞውን ልክ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደርጉታል፤ በአንድ ሰዓት ቢቆረጥም ጉዞ ጉዞ ነው። ከፈጅር በፊት ከከተማው የወጣ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ፆሞ አድሮ፣ ማለቴ ቤቱ ሆኖ ፈጅር ከያዘ በኋላ የተነሳ ግን በእኛ በሻፊዒዮቹ ዘንድ የዚያን ቀን ፆም ይጨርሳል፤ ኢማም አሕመድ ማፍጠሩን ፈቅደዋል። ሕመም ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ስኳር ያለባቸው እናት “ሰው ምን ይለኛል” ብለው 17 እና 18 ሰዓት መድኃኒት ሳይወስዱ መቀመጣቸውን አልወደውም። ልጆች፣ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

መድኃኒቱና ቴምሩ በእጅ ሻንጣ ይግባ፤ ከታች በሚጫነው አይሁን። አስተናጋጇንም ገና ሲቀመጡ “ፆመኛ ነኝ፣ ምግቤን አቆይልኝ” ማለት ይበቃል።