«ማጣሪያ» እና «ማጠብ»፦ የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ሙያዊ ቃላት አተረጓጐም

መልክዐ ምድርን በጥቁርና ነጭ ፊልም ስለ ማንሣት የሚያስረዱ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ እንደ ካሜራ፣ ሌንስና ኔጋቲቭ ያሉት የውሰት ቃላት እምብዛም አያስቸግሩም፤ ከነሙያው ስለ ገቡ ትርጕማቸው የጸና ነው። የሚያሳስቱት በዕለት ተዕለት ኑሮ የምንገለገልባቸው የገዛ ቃሎቻችን ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሦስቱን ቀጥለን እንመረምራለን።

ሀ) ጥቁርና ነጭ። ስያሜው ሁለት ቀለማት ብቻ ያሉ ያስመስላል። ይሁን እንጂ ምስሉ የሚገነባው በመካከል ባሉት የግራጫ ደረጃዎች ነው። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ (እ.ኤ.አ. 1902–1984) ከፍሬድ አርቸር ጋር ባዘጋጀው ሥርዓት ከፍጹም ጥቁር እስከ ፍጹም ነጭ ያለው በ11 «ዞኖች» ተከፍሏል፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ የብርሃኑ መጠን እጥፍ ይሆናል። ይህን «ቀጠና» ብሎ መመለስ አንባቢውን ወደ ቦታ ይመራዋል፤ «እርከን» ግን ደረጃ በደረጃ መውጣትን ስለሚያመለክት ይመረጣል። ለከብትና ለጋማ ከብት መልክ የምንጠቀምባቸው ዳለቻና አመድማ ለገለጻ ይረዳሉ፤ መጠናቸው በቍጥር ስላልተወሰነ ግን የእርከን ስም ሊሆኑ አይችሉም።

ለ) ማጣሪያ። የጠላ ማጣሪያ አተላውን ያስቀራል። ስለሆነም «ቀይ ማጣሪያ» ሲባል አንባቢው ቀዩን የሚያስቀር ሊመስለው ይችላል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው፤ ቀይ መስተዋት ቀዩን ብርሃን አሳልፎ ሰማያዊውን ያግዳል። አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1927 በዮሰሚቲ ሀፍ ዶም የተባለውን ቋጥኝ መጀመሪያ በቢጫ፣ ቀጥሎም በደማቅ ቀይ ማጣሪያ አነሣ፤ በኋለኛው ሰማዩ ወደ ጥቁር ተጠግቶ የቋጥኙ ገጽ ጐልቶ ወጣ። በአገራችንም ከስሜን ተራሮች አፋፍ ወደ ቆላው የሚያነሣ ሰው፣ የሩቆቹን አምባዎች የሚጋርደውን ስስ ሰማያዊ ጭጋግ ለመቀነስ የሚያሻው ቀዩ ነው። ትርጕሙ አሳስቶት ሰማያዊውን ቢገጥም ጭጋጉን ያበዛዋል። ስለዚህ «ቀይ አሳላፊ ማጣሪያ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን።

ሐ) ማጠብ። በፎቶ ቤቶች ልማድ «ፊልም ማጠብ» ማለት ድብቁን ምስል በኬሚካል ገልጦ ማውጣት ነው። በሂደቱ መጨረሻ ግን በውሃ የሚፈጸም ሌላ ማጠብ አለ። ሁለቱ በአንድ ቃል ከተጠሩ አንባቢው የኋለኛውን ሊዘለው ይችላል፤ በፊልሙ ላይ የቀረው ኬሚካልም ምስሉን ውሎ አድሮ ያበላሸዋል። በመሆኑም «ማጠብ» የመላው ሂደት መጠሪያ ሆኖ ይቆይ፤ ደረጃዎቹም ማውጣት፣ መግታት፣ ማጽናትና በወራጅ ውሃ ማለቅለቅ ይባሉ።

ከሦስቱም የምንረዳው፣ ለነባር ቃል ሙያዊ ፍቺ ሲሰጥ የድርጊቱ ውጤት አብሮ መገለጽ እንዳለበት ነው። የ«ማጣሪያ» ፍቺ የሚያሳልፈውንና የሚያግደውን፣ የ«ማጠብ» ፍቺም የደረጃዎቹን ቅደም ተከተል ሳይዝ ቢቀር፣ ቃሉ በመዝገቡ ውስጥ ቢገኝም ተርጓሚውን አይረዳውም።